የአገልጋይ ዋጋ በታሪካችን

ሰው ለሥራ የሚተጋው፣ ከገባበትም አገልግሎት ሳይለቅ የሚቆየው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ማትጊያ፣ ጉርሻ፣ የምስጋና ወረቀት እየተባለ የሚነሣ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ሹማምንትንም የሚያነጋግር ጉዳይ ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። በአገራችን ጌታና አሽከር፣ ንጉሥና ሠራዊት፣ መንግሥትና ጸሐፊ ከኖሩበት ጊዜ ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው። መልሱም እንደየዘመኑ ተለዋውጧል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከእነዚያ መልሶች ጥቂቶቹን ከታሪካችን አውጥተን ለመመልከት አስበናል። የምንመለከታቸውም አንድ ነገር ለማወቅ ስንል ነው፤ ይኸውም ለአገልጋዩ የተሰጠው ዋጋ አገልጋዩን ያቆየው በመተማመን ነው ወይስ በፍርሃት የሚለውን ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ደመወዝ የሚለው ቃል ከደምና ከወዝ የተገኘ ነው፤ ሠራተኛው ደሙን አፍልቶ፣ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚያገኘው ዋጋ ማለት ነው እየተባለ ሲተረጎም ሰምተናል። ትርጓሜው ለጆሮ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በቀድሞው ዘመን ብዙው አገልጋይ ያድር የነበረው በወር በሚቆጠር ገንዘብ ሳይሆን ለልብሱና ለጉርሱ ነው። ጌታው ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ ሲከሰስም ዋስ ይሆንለታል። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ተስፋ ነበር።

በዚህ ተስፋ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ሹመት የሚሻ ሰው ከጌታው ወይም ከንጉሡ አደባባይ ሳይለይ፣ ጌታው ሲወጣ እያጀበ፣ ሲገባ እጅ እየነሣ፣ ወር ብቻ ሳይሆን ዓመት ይቆጥራል። ስንቁን ከአገሩ እያስመጣ፣ ሲያልቅበትም እየተበደረ የሚቆይ ብዙ ነበር። ጌታው ደጅ የጠናውን ሁሉ መሾም አይችልም፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ መካከል አንዱን በድንገት ጠርቶ ቢሾም፣ የቀሩት ሁሉ ነገ ተራው የእኛ ነው እያሉ ይቆያሉ። ያለ ክፍያ ሰውን አጽንቶ ለማቆየት ከዚህ የበለጠ ብልሃት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ብልሃቱ ወሰን ነበረው። ስስታም ነው የተባለ ጌታ ተከታዮቹን ማቆየት አይችልም ነበር፤ አሽከሩ ጋሻና ጦሩን አንሥቶ ቸር ነው ወደ ተባለው ጌታ ይሄዳል፤ ይህንንም ማድረጉ ሁልጊዜ እንደ ክሕደት አይቆጠርበትም ነበር።

ከተስፋው ጋር የሚታይ ክብር ነበረ። ግብር በሚበላበት አዳራሽ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ስፍራ፣ የሚቀርብለትም የሥጋ ብልት እንደ ማዕረጉ የታወቀ ነበር። ጀግና የተባለ ሰው ለምድ ይለብሳል፣ ጎፈር ይደፋል፣ የብር ጋሻና ቢተዋ ይሸለማል፣ በወርቅ ዕቃ ያጌጠች በቅሎ ይሰጠዋል። ከዘመቻ ሲመለስም በጌታው ፊት ቆሞ ይፎክራል፤ የት እንደ ዋለና ምን እንደ ሠራ በስሙና በአባቱ ስም ይናገራል። ይህ ለዛሬ ሰው ባዶ ጉራ ይመስለው ይሆናል። እኛ እንደሚታየን ግን ፉከራ፣ አገልጋዩ የሠራውን ሥራ ራሱ አቅርቦ፣ አብረውት የዋሉት ጓደኞቹ ባሉበት የሚናገርበት ሸንጎ ነበር። ሐሰት ቢናገር ከጎኑ የተሰለፈው ሰው ያውቅበታል። አለቃ በዝግ ቢሮ ተቀምጦ ከሚሞላው የሥራ መመዘኛ ቅጽ ጋር ሲነጻጸር፣ የጥንቱ ቢያንስ ቢያንስ ምስክር ነበረው።

የዋጋው ዋና ግን መሬት ነበር። በዚህም ረገድ ሁለት ዐይነት አሰጣጥ እናገኛለን። አንደኛው ለአድባራትና ለገዳማት ይሰጥ የነበረው ጉልት ነው። የዚህ ስጦታ ቃል በገዳሙ ወንጌል ላይ ይጻፋል፤ ምስክሮቹም በስማቸው ይጠራሉ፤ የሚቀማውም ሰው እንዲወገዝ ይደረጋል። በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የሚገኘው ወርቅ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን ስጦታ ሳይቀር መዝግቦ ይዞ ቆይቷል። ሁለተኛው ለሹማምንትና ለጭፍሮች ይሰጥ የነበረው ማደሪያ ነው። ማደሪያ ሰው በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ የሚበላው ነው፤ ሲሻር ይነጠቃል፣ ሲሞትም ለልጁ መተላለፉ እርግጥ አይደለም። ለአንዱ በወንጌል የተጻፈ፣ ለሌላው በጌታ ፈቃድ ብቻ የተንጠለጠለ ዋጋ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ሊፈረድበት የሚገባው በሹሙ ጠባይ ብቻ አይመስለንም። መምህራን ይህን ተረት የስግብግብነት ምሳሌ አድርገው ሲያስተምሩ እንሰማለን። ነገር ግን ተረቱ የአከፋፈልን ሥርዓት በሚገባ ይገልጣል። ሹመቱ ራሱ ደመወዝ ከሆነ፣ ደመወዙም መቼ እንደሚቋረጥ ካልታወቀ፣ ዛሬ መብላት ከስግብግብነት ይልቅ የጥንቃቄ ያህል ይቆጠራል። የሚበላው ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ከገበሬው ጎተራ የሚወጣ ነው።

ይህን ክፉ ሥርዓት ለመለወጥ ከሞከሩት ነገሥታት ዐፄ ቴዎድሮስ ቀዳሚው ናቸው። ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ ከሚበላ ከመንግሥት ደመወዝ እየተቀበለ እንዲኖር አሰቡ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ፣ ለገበሬውም ለወታደሩም የሚበጅ ነበር። ሐሳቡን የሚፈጽም ገንዘብ ግን በግምጃ ቤት አልነበረም። ገንዘቡን ለማግኘት ሲሉ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃውን መሬት ብቻ አስቀርተው የቀረው ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አዘዙ፤ በዚህም ምክንያት ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። ደመወዙ ሳይደርስ፣ ማደሪያውም ሳይጸና ወታደሩ በመካከል ቀረ። ከ60 ሺህ በላይ ይገመት የነበረው ሠራዊታቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት እየከዳ ወደ 10 ሺህ ያህል ወረደ። የከዳውን በመቅጣት የቀረውን ለማቆየት ቢሞክሩም ቅጣቱ ከድተው የሚሄዱትን አበዛ እንጂ አልቀነሰም።

በዚሁ ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሆነው ነገር ለጉዳያችን ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እንናገራለን። በኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተማሩ ሠራተኞችን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። እነዚህ ሰዎች የእጅ ሥራ የሚያውቁ፣ ዋናው ዓላማቸው ግን ወንጌልን መስበክ የሆነ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ ደረሱ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ባልደረባው ዛልሙለር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በጋፋት መንደር ሰጡአቸው፤ ከእነርሱም ሌላ እንደ ሞሪትስ ሀል ያሉ አውሮፓውያን ባለ እጆች እዚያው ተሰበሰቡ።

በመጀመሪያ የተሠራው መንገድና ልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ነበር። በኋላ ግን ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ሠራተኞቹ ይህን ሙያ አናውቅም ብለው መለሱ፤ እውነትም አያውቁም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አጥብቀው ስላዘዙ መሞከር ጀመሩ፤ ከብዙ ድካም በኋላም ሥራው ተሳካ። የዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ለሠራተኞቹ የክብር ልብስ አለበሱአቸው፣ ገንዘብና በቅሎ ሰጡአቸው፣ ልጆቼ እያሉ ጠሩአቸው። ቫልድማየርም የንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። በዘመኑ የአገራችን ሰው የብረት ሠራተኛን ቡዳ ነው እያለ ሲንቅና ሲፈራ፣ ንጉሡ ጋፋት ድረስ እየወረዱ ከባለ እጆች ጋር መዋላቸው ቀላል ነገር አልነበረም። የአገር ልጆችም በዚያው ሥራ እንዲማሩ ተደርጓል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያየ ሰው፣ ሠራተኛን አክብሮና ሸልሞ ለማሠራት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም ይል ይሆናል። ነገር ግን በጋፋት አንድ የጎደለ ነገር ነበር፤ ሠራተኛው ልሂድ ቢል መሄድ አይችልም። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበረው ጠብ እየከረረ ሄዶ ቆንሲሉ ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ከታሰረ በኋላ፣ የጋፋት ሰዎች ሽልማት በግዞት እየተለወጠ መጣ። በ1859 ዓ.ም. ከመንደራቸው ተነሥተው በዘበኛ ተጠብቀው ደብረ ታቦር ገቡ። ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሚሆነውን ታላቅ መድፍ የፈጸሙትም ነጻነታቸውን ባጡበት በዚያ ጊዜ ነው።

ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዘው በስድስት ወር ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. የተነሣው ጉዞ በመጋቢት ተፈጸመ። መድፉን ተራራ ለማስወጣትና ገደል ለማስወረድ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱት ነበር፤ መንገዱም በፊቱ እየተቆፈረ ይሠራ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከማለዳ እስከ ማታ ከሠራተኛው ጋር እየዋሉ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ፣ ጉድጓድ ይደለድሉ እንደ ነበር ያዩአቸው ሰዎች ጽፈዋል። ያን ጊዜ የሚሰጡት ካባም ሆነ ብር አልቆባቸው ነበር። የቀራቸው ታላቅ ስጦታ አብሮ መድከም ነበረ፤ ያም ስጦታ መድፉን መቅደላ አምባ ላይ አወጣው። ሠራዊቱን ግን መልሶ አላበዛላቸውም። ከመቅደላ ውጊያ በኋላ የጋፋት ባለ እጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር የእንግሊዝን ጦር ተከትለው ከአገር ወጡ፤ ሙያውም ተከታይ አጥቶ ተቋረጠ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

ዐፄ ምኒልክ ይህን የባለ እጅ ጉዳይ በሌላ መንገድ ያዙት። ሚኒስትሮችን በሾሙበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን በሙያው እየጠራ የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠርና እንዲቀጣ አዘዙ። ዐዋጁ ለማንም ገንዘብ አልሰጠም፣ ሜዳይም አላደለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ስድቡን ከሠራተኛው ትከሻ ላይ ለማንሣት መሞከር ነው። ስድቡ በዐዋጅ ብቻ እንዳልጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ስለ ሠራተኛ ክብር በአገራችን ከተነገሩት የመንግሥት ቃላት ሁሉ ይህን የሚያህል ወደ ነገሩ ሥር የገባ አናገኝም።

በሌላ በኩል ግን የዚያው ዘመን ሠራዊት ዋጋ ይከፈል የነበረው በገባር ነው። በተለይ በደቡብ አገሮች ለመኰንኑና ለወታደሩ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህል ይሰፍራል፣ ማር ያገባል፣ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሸከማል። መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ሳያወጣ ባለሟሉን ሸለመ፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን በሽልማቱ ቀን ያልተጠራው ሰው ነበር። የዚህ ነገር ጠባሳ እስከ ዛሬ በፖለቲካችን ውስጥ እንደሚታይ ለአንባቢያን መንገር አያስፈልግም።

የአውሮፓ ዐይነት ኒሻንም የተተከለው በዚሁ ዘመን ነው። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ የተባለውን ኒሻን አቋቋሙ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የሥላሴን ኒሻን ጨመሩ። ካባውና ለምዱ በደረት ላይ ወደሚንጠለጠል ኮከብ ተለወጠ። ከእነዚህ ሁሉ ለሥራው የተመጠነ ሆኖ የምናገኘው ከነጻነት በኋላ ለአርበኞች የተሰጠው ሜዳይ ነው። አርበኛው በዱር የቆየበት ዘመን በዘንባባ ይቈጠራል፤ ባለ አምስት ዘንባባ የአርበኝነት ሜዳይ ያደረገ ሰው አምስቱን ዓመት ሙሉ እንደ ተዋጋ የሚያየው ሁሉ ያውቃል። እዚህ ላይ ምልክቱ ስለ ጌታው ቸርነት ሳይሆን ስለ አገልጋዩ ድካም ይናገር ነበር።

ነገር ግን ሜዳዩ እንዲህ ሲመጠን ሹመቱ አልተመጠነም። ከጠላት ጋር ያደሩ ሰዎች በሙያቸው ወይም በዘራቸው ተፈልገው ወንበር ሲይዙ፣ ከዱር የመጣው አርበኛ በበር ቆሞ ያያቸው ነበር። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ለዚህ ይጠቀሳሉ። አምስት ዓመት በጎጃም የተዋጉት እኚህ አርበኛ የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸና ግዛት ተሰጣቸው። ከእርሳቸው ይልቅ ለትልቅ ቤት ተወላጆች የሚበልጠው እንደ ተሰጠ ቈጠሩ፤ አኰረፉ፤ ዐመፁ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ለዐመፁ ሌላም ምክንያት እንደ ነበረው አንክድም። ይሁንና ደጃዝማችነት ለአንድ ሰው በራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ትንሽ ያደረገው ከጎን ለቆመው የተሰጠው ነው። ሽልማት የሚለካው በገዛ ክብደቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይልቅ በግልጥ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራ እየሰፋ፣ ከትምህርት ቤት የወጣው ጸሐፊም እየበዛ ሄደ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን እያንዳንዱ ሚኒስቴር ሠራተኛውን የሚቀጥረውና ደመወዙን የሚቆርጠው በየራሱ ልማድ ነበር። በአንዱ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጸሐፊ በሌላው ከሚገኘው ጓደኛው ጋር በአንድ ሙያ እኩል ደመወዝ አያገኝም፤ ዕድገትም አለቃን ደጅ በመጥናት የሚገኝ ነበር። ጋሻና ጦሩ በብዕርና በወረቀት ተለወጠ እንጂ ደጅ ጥናቱ አልቀረም። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ የማዕከል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የሠራተኞች ደንብ ወጣ። ቅጥር፣ የደመወዝ ደረጃ፣ ዕድገትና ቅጣት በጽሑፍ ሰፈሩ። በዚሁ ጊዜ አካባቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሽልማት ድርጅት ተቋቁሞ ሊቃውንትንና ደራስያንን ይሸልም ጀመር፤ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያው ተሸላሚ ከበደ ሚካኤል ነበሩ። ሽልማቱ ታላቅ ክብር ነበር፤ ስለ እርሱም በጊዜው ብዙ ተጽፏል።

ብዙ ያልተጻፈለት ግን በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 ነው። የሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 4 እጅ፣ መንግሥትም በመቶ 6 እጅ እያዋጡ፣ ሠራተኛው 55 ዓመት ሲሞላው ጡረታ እንዲያገኝ፣ ቢሞትም ባለቤቱና ልጆቹ እንዲረዱበት ተወሰነ። ነገሩ ሲያዩት የሒሳብ ቤት ጉዳይ ይመስላል። ነጋሪት አይጎሰምለትም፤ በአዳራሽም አይጨበጨብለትም። ዳሩ ግን ማደሪያ በጌታ ፈቃድ ይነጠቅ ለነበረበት አገር፣ አገልጋዩ ራሱ ያዋጣበትና በሕግ የሚጠይቀው ዋጋ ማግኘቱ ከኒሻኖች ሁሉ የሚበልጥ ለውጥ ነበር።

ሕጉ ግን የዕለቱን ጉድለት አይሞላም ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ ወታደሮች የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው አግኝተዋል፤ ልመናው መልስ የሚያገኘው ሲያስፈራ ብቻ እንደ ሆነም ከዚያ ተማሩ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሸ። መኰንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሮቹም ከዚያ እንዲቀዱ አልተፈቀደላቸውም። ወታደሮቹ መኰንኖቻቸውን ያዙ፤ ነገሩን ሊመረምር ከአዲስ አበባ የተላከውን የምድር ጦር አዛዥም ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትንም ውሃ አጠጡት። ይህን ያደረጉ ሰዎች የጠየቁት ሜዳይ አልነበረም። ዐመፁ ወደ ሌሎቹ ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መንግሥትም በየካቲት ደመወዝ ጨመረ፤ ጭማሪው ግን የተሰጠው ከተጠየቀበት ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ስለ ነበር እንደ ስጦታ የቈጠረው አልነበረም።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ራስነትና ደጃዝማችነት ቀረ፤ የሥላሴ ኒሻን ከደረት ወርዶ በሣጥን ገባ፤ በስማቸው የተቋቋመው የሽልማት ድርጅትም አበቃ። አዲሱ መንግሥት ኮከብ ሠራተኛና ኮከብ አምራች የሚል ክብር አመጣ፤ ያም በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር ሄደ። የ1955ቱ የጡረታ ዐዋጅ ግን በየጊዜው እየተሻሻለ በሦስት መንግሥታት ሥር ጸንቶ ቆየ። በ1995 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 345 እስኪተካ ድረስ፣ ለ40 ዓመት፣ በንጉሡ ዘመን የተቀጠረው ጸሐፊ፣ መምህርና ፖስተኛ ካርዱን ይዞ በወሩ መጀመሪያ ወደ ጡረታ መክፈያው መስኮት ይሄድ ነበር።